ዮዲትን የሆነችው አጣቢ

ጎረቤቴ ፖርዚያ የናፖሊ ከተማ ሀብታሞችን አንሶላ ማጠብ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሞላት። ባሏን ባሕር ወሰደው፤ የቀሯት ልጇ አግኔዛና ሁለት ክንዶቿ ነበሩ። ክንድስ ክንድ ነበር! እርጥብ አንሶላ ስትጨምቅ ያያት ሰው ለአንሶላው ያዝንለታል።

ጉዱን ያመጣባትም ያው ክንድ ነው። አግኔዛን የዳቦ ጋጋሪዋ የዶና ዚኖቢያ ልጅ አጫት። እኛ ሰፈር ደግሞ ሙሽራ ያለ አንሶላ አትዳርም፤ ከሠርጉ በፊት አንሶላዋ በየመስኮቱ ይዘረጋል፣ መንደርተኛውም እየዞረ ይተቻል። ፖርዚያ የሰው አንሶላ ስታነጣ ኖራ የራሷ የምትለው አንድ እንኳ አልነበራትም። በዚያው ሰሞን ሠዓሊው ዶን ኖፍሪዮ ለቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፏ ዮዲት የጠላት ጦር አዛዡን የሆሎፎርኒስን አንገት ስትቆርጥ የሚያሳይ ሥዕል ይሥል ነበርና ሰይፍ የምትይዝለት ሴት አጣ።

«የመኳንንቱ ልጆች ክንድ ሽንኩርትም አይቆርጥ። አንቺ ቁሚልኝና ስድስት ጥንድ አንሶላ ልስጥሽ» አላት።

በሠዓሊ ፊት ትከሻዋን ገልጣ የቆመች ሴት ስሟ በመልካም አይነሣም። ዶና ዚኖቢያ ደግሞ ለስም ሟች ናት፤ ብትሰማ ሠርጉን ከማፍረስ አትመለስም። ፖርዚያ «መልኬን ለውጥልኝ» ብላ ለመነችው፣ እሱም እሺ አላት። የሠዓሊ እሺ!

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሥዕሉ ሊገለጥ ሆነ። ፖርዚያ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ እሑድ ጠዋት ደግፌ ነው ያመጣኋት። ከቅዳሴው በኋላ መጋረጃው ተሳበ። ሰይፉ፣ ደሙ፣ የሰውዬው የፈጠጠ ዓይን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሷ ፖርዚያ፣ ከነአገጯ ኪንታሮት!

«አለቀልኝ፤ ልጄን ገደልኳት» አለችና ክንዴን ጨመቀችው። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ዶና ዚኖቢያ ከፊታችን ቆማ ነበር። ዞር ስትል ፊቷ ከዱቄቷ ነጥቷል። በቃ፣ ፖርዚያን አወቀቻት አልኩ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ዓሣ ሻጭ፣

«እንዴ! ከረጢት ይዛ ጭንቅላቱን የምትጠብቀዋ የዮዲት ገረድ፣ አሮጊቷ፣ ዶና ዚኖቢያ አይደለችም?» ብሎ ጮኸ።

ቀና ብዬ ባይ እሷው ናት፤ አፏን ከፍታ፣ ጥርሷ ጎድሎ። ምእመናኑ በሳቅ ፈረሱ፤ ቄሱም ሳቁን ለመደበቅ ደወል ደወለ።

ደጅ ስንወጣ ዶና ዚኖቢያ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ መጣች። ፖርዚያ ከኋላዬ ተሸጎጠች።

«ለምንድን ነው የቆምሽለት?» አለቻት።

«ለአግኔዛ አንሶላ ብዬ ነው፣ ዶና። እርስዎስ?»

«እኔማ ቅድስት ሐናን አደርግሻለሁ ብሎኝ ነው፣ እሳት ይብላውና! ማክሰኞ ማክሰኞ ትኩስ ዳቦ ይዤለት ስመላለስ! ጨርቁን ያዢ፣ የሕፃኗ የማርያም መታቀፊያ ነው ሲለኝ አመንኩት። ለካ የተቆረጠ ራስ መያዣ ከረጢት ኖሯል!»

ፖርዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣባትና ማቆም አቃታት። እኔም ከእሷ እኩል ቀለለኝ።

«ታዲያ ሠርጉስ፣ ዶና? እርስዎ ካልፈቀዱ...» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ዶና ዚኖቢያ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሠርጉማ በቀኑ ነው። ደግሞ ይሄን ‹እርስዎ› ማለትሽን ተይ፤ አብረን ሰው አርደናል እኮ።»