የኋላ መቀመጫው ባለቤቶች

የአማቴን ስም አልጠራም። ጥሪልን ብትሉኝም አይወጣኝም። የተወለድኩት ዶዮገና ነው። በእኛ በከምባታም ሆነ በባለቤቴ አገር በሀዲያ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ቀና ብላም ዓይናቸውን አታይም። የዛሬ ልጆች እየተዉት ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችም የድሮ ነገር ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ከማንም ወንድ ጋር እከራከራለሁ፤ አማቴ ሲገቡ ግን አንገቴ ሳላዘው ይጎነበሳል። እናቴ ያስገባችብኝን ነገር ዲግሪ አላወጣውም።

ስለዚህ የማወራችሁ ስለ አንድ ካምፕና በየተራ ስለመሩት ሰዎች ቢሆንም፣ የማንንም ስም አታገኙም። የመጀመሪያውን ሳልጠራ የሌሎቹን ብጠራ አድልዎ ይሆንብኛል።

ካምፑ ያለው ቦዮ ሐይቅ ዳር ነው። ከሆሳዕና ፎንቆ፣ ከፎንቆ ደግሞ ቁልቁል ወደ ሜዳው ይኬዳል። ትምህርት ሲዘጋ ከየከተማው የሚመጡ ልጆች ድንኳን ውስጥ እያደሩ ታንኳ መቅዘፍ ይማሩበታል። የክረምት ካምፕ ስላችሁ ፀሐይ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛ ክረምት ያው ክረምት ነው። ሐይቃችን በበጋ ጭቃና ሣር ትቶልን ይሸሻል፤ የሚሞላው ሲዘንብ ነው። ልጆቹ ከላይም ከታችም ውሃ ሆነው ነው የሚሰነብቱት። ማገዶው አይነድም፣ ካልሲ አይደርቅም፣ የበቆሎ እሸት ግን እንደ ልብ ነው። በመጨረሻው እሑድ ወላጆች ሲመጡ ልጃቸውን የሚለዩት በድምፁ ነው፤ መልኩን ጭቃ ወስዶታል።

ካምፑን የመሠረቱት አማቴ ናቸው። የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው አርባ ምንጭ በኩል የውጭ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ሠርተው ነበር። ሰዎቹ ጠቅልለው ሲሄዱ ሦስት አሮጌ ታንኳዎች ለስንብት ሰጧቸው። አይሱዙ ላይ ጭነው ሲመጡ አዲሎ ላይ ሻይ ሊጠጡ ቢወርዱ፣ የሰፈሩ ሰው መኪናውን ከቦ ይሟገታል አሉ። የቤት ክዳን ነው ያለም ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መጥተው በእጃቸው መታ መታ አደረጉና የከብት መመገቢያ ገንዳ መሆኑን ፈረዱ፤ አንዱን ካልሸጡልኝም ብለው ያዟቸው። አማቴ ይህን ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር። ልሸጥላቸው ነበር፣ ከብቶቻቸው መቅዘፍ ስለማይችሉ ነው የተውኩት ይላሉ።

እኔ ካምፑን ያወቅኩት በተጋባን ክረምት ነው። የአማቴ ሚስት፣ የባሌ እናት ማለቴ ነው፣ ለወጥ ቤት ሰው አነሰኝ ስላሉ ሄድኩ። ዶዮገና ደጋ ነው፤ ውሃ የምናውቀው ከሰማይ ሲመጣ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ተኝቶ ሳይ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጥኩ። ጎመኔን ከትፌ፣ ቆጮዬን አቅርቤ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። አማቴ ግን በሰው ላኩብኝ፤ እዚህ የሚበላ ሁሉ ይቀዝፋል አሉ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው እንደዚያው በሰው በኩል ነበር። «ለምራቴ ንገሯት» ይላሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እየሰማሁ።

በታንኳ ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሁለቱም ወደፊት ነው የሚያዩት። የፊተኛው ጉልበት ይሰጣል፤ የኋለኛው ይመራል። ካምፑን የሚመራ ሰው ሁልጊዜ የኋላ መቀመጫው ላይ ነው የሚቀመጠው። የአማቴ የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ የፊተኛው ዞሮ አያይም የሚል ነው። ከዞረ ታንኳው ይገለበጣላ። ኋላህን እመን፣ ፊትህን ቅዘፍ ይሏቸዋል ልጆቹን።

እኔን ፊት አስቀምጠው እሳቸው ከኋላ ተቀመጡ። ከዳር ራቅ እንዳልን የገባኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። እሳቸው የሚያዩት ማጅራቴን ነው፤ እኔ የማየው ውሃውን ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት የሚባል ጣጣ የለም። እንግዲህ ማን ይከለክለናል? ያን ቀን ያለ አማላጅ አወራን። እሳቸው ሀዲይኛ ተናጋሪ፣ እኔ ከምባትኛ፤ በአማርኛ ተገናኘን። ውሃ እንደምፈራ ስነግራቸው እኔም እፈራለሁ አሉኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ የማይፈራ ሰው ከልጆች ጋር አላስቀዝፍም አሉ። ታዲያ ይህን ሲሰማ ማን ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል? ከዚያ በኋላ በየክረምቱ እየቀዘፍን ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ስብከት፣ ስለ ባሌ ስንፍና ሳይቀር አወጋን። ተከራከርኳቸውም። ወደ ዳር ስንመለስ እኔ አንገቴን ደፍቼ እወርዳለሁ፣ እሳቸውም ዘወር ይላሉ፤ ቤት ስንደርስ ያው «ለምራቴ ንገሯት» ነው።

ጉልበታቸውን ሲያማቸው ካምፑን አንድ የሆሳዕና ነጋዴ ተረከቡት። ቤተሰባቸው ከሰሜን የመጣ፣ ኦርቶዶክስ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ። ቦታው የአማቴ ስለሆነ በአማቴ ፈቃድ ነው የገቡት። አዳዲስ ታንኳ፣ ለልጆቹ ሁሉ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት፣ ጄኔሬተር፣ የድምፅ ማጉያም ገዙ። አማቴ ጃኬቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ እኔ በጸሎት ብቻ ነበር የማሻግራቸው፣ ይሄ ሰውዬ በጸሎትም በጃኬትም ነው አሉ። ጋሼ አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ታንኳ ላይ አይወጡም። ምለው ተገዝተው እምቢ አሉ። ድምፅ ማጉያውን ይዘው ዳር ላይ ቆመው ይመራሉ፤ የኋላ መቀመጫው ባለቤት አልባ ሆነ። የካምፑ ጊዜ ደግሞ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። የእኛ የጴንጤ ልጆች በቅቤ የራሰ ቡላ ሲበሉ ጋሼ ሽምብራቸውን እየቆረጠሙ፣ እግዜር ይያችሁ፣ ትንሽ እንኳ ራቅ ብላችሁ ብሉ ይላሉ። ደግ ሰው ነበሩ። ሐይቁ አንድ ዓመት አልሞላ ሲል ልባቸው ተሰበረና ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። ታንኳዎቹን ግን መርቀው ትተውልን ሄዱ።

ሦስተኛው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እንደሱ የሚቀዝፍ አላየሁም። ታንኳ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፣ ልጆቹ ይሞቱለታል፣ እናቱ ዳር ላይ ሆነው ይራገማሉ። በስልኩ እየቀረጸ ቲክቶክ ላይ ለቀቀንና የማናውቀው ሰው ሁሉ አወቀን። ይሄ ልጅ እዚህ ያረጃል ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በእኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ካለ አሳዩኝ። አሁን በብረት ፍርግርግ ጀርባ ሱቅ ይሸጣል። ሲደውል ስለ እናቱ ጤና ከመጠየቁ በፊት ውሃው ሞላ ወይ ይላል። ሞልቷል ስለው ስልኩን ወደ ውሃው አዙሪልኝ ይላል።

እሱ ሲሄድ አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው ቀን ወደ ታንኳው ሄዱና ፊት ተቀመጡ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላ ያለው ባዶ ነው፤ የእሳቸው ቦታ ነው። ትመጫለሽ ወይስ ልሂድ አሉኝ፣ ወደ ውሃው እያዩ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዛቸው ነው ብዬ ኋላ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ከኋላ ሆኜ የምመራው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ሰፊ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ከፊት ይቀዝፋሉ፤ በየጊዜው ደግሞ «ምን ይታይሻል?» ይሉኛል። ጉማሬ በቀኝ፣ ሸምበቆ በግራ፣ የልጆቹ ታንኳዎች ከኋላ እያልኩ እነግራቸዋለሁ። የጡረታ አስተማሪ ፈተና አይለቅም እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር። ከልቤ ለማገልገልም ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ይህን ካምፕ ለእኔ ብለው ቢተዉልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ባለፈው ክረምት መጀመሪያ ላይ ታዲያ ነገር መጣ። የአማቴ የወንድም ልጅ፣ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ የሚያርስ ሰው፣ ቦታውን በቆሎ ልዝራበት ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች የሚያሳድግ፣ መሬት የጠበበው ሰው ነው። አጎቴ አርጅተዋል፣ ልጃቸው ባሕር ማዶ ነው፣ ትልቁ ደግሞ ውሃ አይወድም አለ። ትልቁ ማለት ባሌ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ባሌ ተነሥቶ ካምፑን ሚስቴ ትይዘዋለች አለ። እሱ ብዙ አይናገርም፤ ያን ዕለት ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያለው።

ሽማግሌዎቹ ከድንኳኖቹ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠዋል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ድንኳናቸው በር ላይ ሆነው ያያሉ፤ መበተናቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ብዙ አሰቡና አማቴን ሳይሆን መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ሰምተናል። ግን ምራት ናት። ቀና ብላ አይታው በማታውቀው ሰው ቦታ እንዴት ትቀመጣለች?»

አፌ ሞልቶ ነበር። እኔ ነኝ ስንት ክረምት ልጆች ያሻገርኩት ልል ነበር። ግን ለመናገር ቀና ማለት አለብኝ፤ አማቴ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንገቴ እንደ ልማዱ ተጎነበሰ። ዝም ማለቴን ሽማግሌው ለማስረጃ የተጠቀሙበት መሰለኝና ከንዴቴ የተነሣ እንባዬ መጣ። ከምሬ ነው፣ ያን ቀን እናቴንም ባህላችንንም ረገምኩ።

አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ቀስ ብለው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሰው ሁሉ ተበሳጭተው የሄዱ መሰለው። ዳር ላይ ሲደርሱ ታንኳዋን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ፊት ሊቀመጡ ነው ብዬ ታንኳዋን ያዝኩላቸው። እግራቸውን አስገቡ፤ ግን ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው፣ ወደ ኋላ መቀመጫው ዞረው ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ለልጆች የከለከሉትን ነገር።

«ግቢ» አሉኝ።

የት ልግባ? ኋላ ብቀመጥ ፊት ለፊታቸው ነኝ። ጉልበታችን ሊነካካ ነው። ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ገባሁ። መቅዘፊያውን ይዤ የታንኳዋን ወለል እያየሁ ጥቂት አራቅኋትና አፍንጫዋን ወደ ዳር አዞርኩ።

ባርኔጣቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ቀና በይ፣ ልጄ» አሉ።

ቀና አልኩ። ካገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የአማቴን ዓይን አየሁ። ሰዎች የባሌ ዓይን የአባቱ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ቅርጹ እውነትም የእሱ ነው። ግን ሁለቱም ላይ እንደ አጓት ያለ ነገር ጋርዶባቸዋል። ወደ እኔ ዞረዋል፣ እኔ ላይ ግን አላረፉም፤ ከትከሻዬ በላይ የሆነ ቦታ ይፈልጉኛል። አማቴ አያዩም ነበር። የፊት መቀመጫው፣ ያ ባርኔጣ፣ ያ ሁሉ «ምን ይታይሻል?»፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። የባሌ እናት ያውቁ ነበር አሉ፤ ለማንም እንዳይናገሩ አማቴ አስምለዋቸው ነው። ባሌና ሌሎቹ የእርጅና ነው ብለው አልፈውታል። ከሁሉም አብሬያቸው የዋልኩት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አላይም።

«አባባ» አልኩ፤ ሌላ ቃል ጠፋኝ።

«ፊትሽን ልይ ብዬ ነበር የዞርኩት» አሉ። «ስንት ጊዜ አሰብኩት፣ ነውር ነው እያልኩ አሳደርኩት። ዘገየሁ።»

አለቀስኩ። አላፈርኩም። ማልቀሴን እንደሰሙ ፈገግ አሉና መልካቸውን መለስ አድርገው የአስተማሪ ድምፃቸውን አመጡት።

«በይ ንገሪኝ፤ ምን ይታይሻል?»

እንባዬን በክንዴ ጠረግሁና ነገርኳቸው። ሾላው ይታየኛል፤ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ የወንድምዎ ልጅ ኮፍያውን አውልቋል፤ ባሌ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቷል፤ ልጆቹ ጃኬታቸውን አድርገው ዳር ላይ ተሰልፈዋል አልኳቸው።

«እያዩን ነው?»

«ሁሉም እያዩን ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ» አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው፤ ቅዘፊ።»