የሰማንያ ቀን ልጅ

ባሌ ከወንበራ ነቅለን ስንወጣ የቆጠረው ወጪ የአህዮቹን ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ብቻውን ወደ አሶሳ እየተመላለሰ ጨውና ኩታ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን አቧራውን ሳያራግፍ ተቀመጠና «ከእንግዲህ ቤቴን ይዤ እዚያው እሰፍራለሁ፤ ግማሽ ዕድሜዬ በመንገድ አለቀ» አለኝ። ስንት አህያ እንደሚበቃን፣ ለዓባይ አሻጋሪዎች ምን እንደሚሰጥ፣ ኬላ ጠባቂዎቹ ስንት አሞሌ እንደሚወስዱ ዘረዘረልኝ። «ሌላስ ምን ያስወጣናል?» ብዬ ብጠይቀው «ሌላ ምን አለ? እግርሽን ማንሣት ነው» አለ።

እግሬን አነሣሁ። የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዘን፣ ሁለተኛዋን እኔ በሆዴ ተሸክሜ፣ ክረምቱ ሳይገባ ዓባይን ተሻገርን። ከወንዙ ወዲህ ቋንቋው ሌላ፣ ዳኝነቱ ሌላ፣ ሙቀቱም የምድጃ አፍ ነው። በአምስተኛው ቀን ግድም «ቤተ ክርስቲያኑ ከምንሰፍርበት በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ባሌ የአህያውን ጭነት ማጥበቅ ጀመረ። ጭነቱ አልላላም ነበር።

«አንተ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ነው የጠየቅሁህ።»

«የለም።»

«ስድስት ዓመት ስትመላለስ የለም ሳትለኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

እንዲህ ብሎ ለሚመልስ ሰው ምን ይባላል? እስከ ማደሪያችን ድረስ ከአህዮቹ ኋላ ኋላ ሄድሁ። እሱ ግን የደከመኝ መስሎት ውሃ አቀረበልኝ።

ስለ አሶሳ ጎረቤቶቻችን ክፉ ብናገር እግዚአብሔር ይታዘበኛል። የበርታ ሰዎች ናቸው፤ እስላሞች፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች። ገና ጭነታችንን ሳናራግፍ ቀርቀሃ ቆርጠው ቤት ያቆሙልን እነሱ ናቸው። በበዓላቸው ያረዱትን እኛ አንበላ፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉ፤ ስለዚህ እነሱ ማር ይልኩልናል፣ እኛም ጨው እንልካለን፣ ማንም አይቀየምም። አጥር የምንጋራው ነጋዴ አማርኛ ያውቃል፤ ሚስቱም ከእሱ ሰምታ ጥቂት ትሞክራለች። ችግሬ ከእነሱ አልነበረም። ችግሬ ደወል አለመሰማቱ ነው። ደወል በሌለበት አገር በዓሉም ጾሙም የሚኖረው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ በእኛ ቤት ያ ጭንቅላት የእኔ ነበር። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስተማረው እኔን ነው፤ ባሌ ቀን ሲጠፋበት ወደ እኔ ዞር ይላል እንጂ ወደ ሰማይ አያይም።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ሴት ልጅ ወለድሁ። ጎረቤቴ አዋለደችኝ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ይህ የሚቀየር ነገር አይደለም። ሳትነሣ ብትሞት ደግሞ ምን እንደሚሆን እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ አልጽፈውም። በዚያ ቆላ የንዳድ ትኩሳት ሕፃን አይምርም። ቀርቧል የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከዳቡስ ወንዝ ማዶ፣ የወለጋ ደጋ ላይ ነው፤ ለነጋዴ የስምንት ወይም የዘጠኝ ቀን፣ ሕፃን ለያዘ ግን ግማሽ ወር የሚፈጅ መንገድ።

«ቀኗ ሳይደርስ እንነሣ» አልሁት።

«የከፈትነውን ሱቅስ? እኛ ከምንሄድ ቄሱ ይምጣልን። ጎረቤታችን ወደዚያ ለንግድ ይሄዳል፤ በቅሏችንን ሰጥቼው ቄስ ይዞልን ይመጣል።»

«ቄስ ብቻውን መጥቶ ምን ያደርጋል? ዲያቆኑስ? ሜሮኑስ? ታቦቱስ?»

«መጀመሪያ አንዱ ይምጣ፤ የቀረው ይታሰብበታል።»

ባሌ ይታሰብበታል ካለ ማንም አያስብበትም ማለት ነው። ሆኖም ከወለድሁ ገና ሳምንቴ ነበር፤ ክርክር የሚችል ጉልበት አልነበረኝም። ነጋዴው በቅሎዋን ይዞ ሄደ።

እኔ ቀኑን በባቄላ እቆጥር ነበር። ለዘር ብዬ ያመጣሁት ባቄላ በቆላው አልበቅል ብሎ ተቀምጦ ነበርና፣ ጠዋት ጠዋት አንዷን ፍሬ ከከረጢት ወደ ቅል እጥላለሁ። በመካከሉ ንዳድ ያዘኝና ስንት ቀን እንደሆነ ሳላውቅ ተኛሁ፤ ቅሉን ለባሌ አደራ ሰጠሁት። ስነሣ ቅሉ ባዶ ነው።

«ባቄላዬ የት ገባ?» ብዬ ትልቋን ልጄን ያዝኋት።

«በላነው።»

«ቀኔን በላሽው?!»

«ጥሬውን አይደለም እማዬ፣ ቆልቼ ነው። ለጎረቤት ልጆችም ሰጥቻለሁ።»

ለሰው መስጠቷን እንደ ጽድቅ ቆጥራ፣ ቆማ ታየኛለች። ባሌን ስንት ፍሬ እንደጣለ ጠየቅሁት፤ «የጣልሁትን ጥያለሁ» አለ። ያልጣለበት ቀን እንዳለ ከዓይኑ አወቅሁ። ዓርብን ጎረቤቶቻችን ነጭ ለብሰው ለስግደት ሲሄዱ እለየዋለሁ፤ የትኛው ዓርብ እንደሆነ ግን ማን ይንገረኝ? ቁጭ ብለን ስናሰላ በእሱና በእኔ ቆጠራ መካከል የአንድ ሳምንት ልዩነት ወጣ። እሱ ቀኑ ገፍቷል ይላል፣ እኔ አልገፋም እላለሁ። ባቄላ መጣል ያቃተው ሰው ቀን ያውቃል ብዬ እንዴት ልመን? በእኔ ሄድን። የጥምቀትን ገሃድ በእኔ ቆጠራ ጾምሁ፣ ጥምቀትንም ብቻዬን ዳዊት ደግሜ አከበርሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ማለዳ ማሽላ እየፈጨሁ ሳለ በአጥሩ በኩል የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ነጋዴው ፊቱ በርቶ ገባ።

«እህቴ፣ ቄስ አመጣሁልህ!» አለኝ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁላችንም ለእሱ ወንዶች ነን።

በቅሎዋ ታነክሳለች። ላይዋ ላይ ጥምጣም የጠመጠመ፣ ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ የተቀመጠ ጠና ያለ ሰው አለ። ሰላምታ ሳይሰጥ ጮኸብኝ።

«አንቺ ሴት፣ ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ሆና ትፈጫለሽ?»

መጁ ከእጄ ወደቀ። አስተርእዮ ማርያም ጥር ሃያ አንድ ናት። እኔ ጥር አሥራ አራት ነው ብዬ ነው የተቀመጥሁት። ጥምቀትንም ገሃዱንም ሳምንት አዘግይቼ አክብሬያለሁ ማለት ነው። ባሌ ከጓዳ ብቅ ብሎ «ሃያ አንድ ነው አሉ?» ሲል የፊቱን ደስታ ባይ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ያገኛትን ድል እስከ ዛሬ ይመነዝራታል።

እግር አጥቤ፣ ባሌም ዶሮ አርዶ፣ እንግዳው ከበላ በኋላ «አባ፣ ሜሮን ይዘው መጥተዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሜሮን ምን ያደርግልኛል? እኔ ክህነት የለኝም፤ ደብተራ ነኝ።»

ባሌን አየሁት፤ ባሌ ነጋዴውን አየው፤ ነጋዴው ጥምጣሙን አየ።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አልሁ።

«ይህ ሰው ማንበብ ታውቃለህ ወይ አለኝ፤ አዎ አልሁት። ክርስቲያን ነህ ወይ አለኝ፤ አዎ አልሁት። በቅሎ ላይ ውጣ አለኝ፤ ወጣሁ። የታመመ ሰው ያለ መስሎኝ ክታብ ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

ነጋዴው ተቆጣ። «ጥምጣም አለው፣ መጽሐፍ አለው፣ ጺም አለው! ቄስ ሌላ ምን አለው?» እውነቱን ነው። በእነሱ ዘንድ ማን ሰጋጅ፣ ማን አሰጋጅ እንደሆነ ለእሱ ግልጽ ነው፤ የእኛን ቄስና ደብተራ ልዩነት ግን ማን ነግሮታል? ባሌ «ቄስ አምጣልኝ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረለትም። ሁለት ወር፣ አንዲት በቅሎ፣ አንድ ዶሮ፤ ልጄም እንዳለች አለች።

ደብተራው ግን አንድ ነገር አደረገልኝ። በጣቶቹ አንጓ ቆጠረና «ዛሬ ስልሳ አንድ ቀኗ ነው። ሰማንያው የካቲት አሥር ላይ ይውላል። ነገ ከተነሣችሁ ትደርሳላችሁ» አለ። በእኔ ቆጠራ ሰባት ቀን ዘግይቼ ብነሣ ኖሮ የመንገዱ ወጪ ሁሉ ለከንቱ በሆነ ነበር።

«ነገ እነሣለሁ» አልሁ።

«ሱቁ…» አለ ባሌ።

«ሱቁን ክርስትና ማን ያነሣዋል?»

ሱቁን ዘጋ። ትልቋን ልጄን የነጋዴው ሚስት ዘንድ ላሳድራት ሄድሁ፤ ልቤ ግን በምግቡ ተይዞ አፌን ከፍቼ መጠየቅ አቃተኝ። እሷ ቀድማ ገባት። ደረቷን መታ አድርጋ «ሥጋ የለም። ማር፣ ገንፎ፣ ወተት። ዓርብ፣ ረቡዕ ወተት የለም። ወላሂ» አለችኝ። ጾማችንን ሁሉ ቆጥራ ይዛዋለች። እኔ ሳምንት ስሳሳት እሷ ዓርብና ረቡዕን አልሳተችም ነበር።

መንገዱን በዝርዝር አልጽፍም፤ ሳስበው ያመኛል። በቅሎዋ ስለምታነክስ ሕፃኗን አዝዬ በእግሬ ሄድሁ፤ ደብተራው እግሩን አመመኝ እያለ በቅሎዋ ላይ ተቀመጠ። እኔ አራስ ነኝ፤ ሆኖም አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቀው እሱ ነውና ምን ይደረጋል? ባምባሲ የምትባል መንደር ላይ ይኸው እግሩ ሁለት ቀን አስተኛን። ዳቡስ ስንደርስ ውሃው ከወገብ በታች ነበር፤ ደብተራው ግን «ከወንዝ ውሃ ጋር አልስማማም» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባሌ አዝሎት ተሻገረ። ዳዊቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ጥምጣሙ ሳይነካ፣ ባሌ ጀርባ ላይ ሆኖ «በስተቀኝ ርገጥ፣ በስተቀኝ!» ሲል፣ በጉዞው ሁሉ ያን ጊዜ ብቻ ሳቅሁ። ባሌ ዞር ብሎ «አንቺ ደግ ሰው፣ ምን ያስቅሻል?» አለኝ። «ቄስህን እንዳትጥለው» አልሁት።

የካቲት ዘጠኝ ማታ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ፣ ገና የተተከለች ናት። ደወሉን ስሰማ ልጄን እንዳዘልሁ መሬት ተቀመጥሁ። በማግሥቱ ጠዋት ቄሱ ቀኑን በጣታቸው ቆጥረው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው «ደርሳችኋል» አሉን፤ ውሃው ተዘጋጀ፣ ዲያቆኑም ቆመ። ከዚያም ቄሱ ቀና ብለው «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

ባሌን አየሁት። ባሌ እግሩን አየ። እውነቱን ለመናገር በዚህ እሱን አልወቅሰውም፤ እኔም አላሰብሁትም። በወንበራ ይህን ማሰብ አያስፈልግም፤ እርጉዝ መሆንሽ ሲሰማ ሦስት ሴት «እኔ አነሣታለሁ» እያሉ ይጣላሉ። አበልጅ በደጅሽ ይበቅላል። ባለቀ ሰዓት፣ ልጄን ታቅፌ፣ አበልጅ ፍለጋ የማላውቀውን ሰው ፊት ማየት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ።

ቄሱ ወደ ደጀ ሰላሙ ዘወር ብለው በኦሮምኛ ተጣሩ። ለማኅበር እህል ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ቁናዋን አስቀምጣ መጣች። ቄሱ የሆነ ነገር ነገሯት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልጄን ከእጄ ወሰደች። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ኦሮምኛ አላውቅም። ልጄ ከውሃው ስትወጣ ስትጮህ ያባበለቻት በእሷ ቋንቋ ነው፤ ልጄም ዝም አለችላት።

ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ሮጣ አንድ ቅል እርጎ አምጥታ ሰጠችን። ከዚያም ለደብተራው የሆነ ነገር ነገረችው።

«ለፋሲካ ይዛችኋት ትመጣላችሁ ወይ ትላለች» አለን።

«እንመጣለን ይበሏት» አለ ባሌ ቶሎ።

እሷ የልጄን እግር ሳመች። እኔ ልጄን ተቀብዬ አዘልሁ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመህ ለምን ዋሸህ?» አልሁት።

«ምን ልበላት? አንመጣም ልበላት?»

ለመጀመሪያው ፋሲካ ትልቋ ልጄ ንዳድ ያዛት። በሁለተኛው በቅሎዋ ሞተች። በሦስተኛው ዝናቡ ቀደመና ዳቡስ አላሳልፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መቁጠሩን ተውሁት።

ልጄ ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው። በርታኛ ከአማርኛ አስቀድማ ነው የምትናገረው። ባለፈው እሑድ ዳዊት ሳስተምራት ድንገት ቀና ብላ «የክርስትና እናቴ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። ፊቷን አስታውሳለሁ፣ እጇንም አስታውሳለሁ፤ ስሟን ግን አልጠየቅኋትም። ሰማንያው ቀን እንዳያልፈኝ ስጨነቅ፣ ልጄን ያቀፈችልኝን ሴት ስምሽ ማን ነው ሳልላት ወጣሁ።

«ሂጂ አባትሽን ጠይቂው» አልኋት።

ሄደች። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ መጣች።

«አባዬ አንቺን ጠይቂ አለኝ።»