የዊኒፍሬድ ሦስተኛ ፈተና
በብሪታኒያ ፈተና ያላለፈ ሚኒስትር አይሆንም የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ ስንቱ ባላባት በሕዝብ ፊት ላብ በላብ ሆኗል! ዊኒፍሬድ ሃርግሪቭ ግን ባላባት አይደለችም። የኦልደርሾ ሕዝብ መርጦ ፓርላማ የላካት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ለጤና ሚኒስትርነት ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ወድቃለች። ሕጉ ከሦስተኛው በኋላ ዕድል አይሰጥም።

«ተይው በቃ» አላት ባሏ ኖሪስ፣ የተጠበሰ ዓሣና ድንች እያቀረበላት። «ጋዜጣው ሳይቀር ‹ወዳቂዋ ዊኒ› እያለሽ ነው።»

«ይበለኛ! ይልቅ ጠይቀኝ።»

እሷ እየበላች እሱ ሲጠይቃት አመሸ። ግትር ናት፤ እኔም የምወድላት ይህንኑ ነው።

የጽሑፉን አለፈች። የቀረው በሕዝብ ፊት የሚሰጠው የቃል ፈተና ነበር። የኦልደርሾ ሰዎች አውቶቡስ ተኮናትረው መጥተው የፈተና አዳራሹን ሰገነት ሞልተውታል። ጎረቤቷ ዶሪን ጃንጥላዋን እያወዛወዘች «አይዞሽ ዊኒ! አሳያቸው!» ትላለች።

ፈታኙ ጥያቄውን አነበበ። «በአንዲት ከተማ ያለ ማዋለጃ ሐኪም አጥቶ እናቶች እየሞቱበት ነው። ደህናው ሆስፒታል ሩቅ ነው። ምን ያደርጋሉ፣ ወይዘሮ ሃርግሪቭ?»

የከተማዋ ስም ባይጠራም የኦልደርሾ ሰዎች የማን ማዋለጃ እንደሆነ ገባቸው። ዊኒፍሬድ የተመረጠችው «አላስዘጋውም» ብላ ነው። ልጆቿንም የወለደችው እዚያው ነው። ባለፉት ፈተናዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባት «ይጠናል፣ ይታያል» እያለች አድበስብሳለች፤ የጣላትም እሱ ነው።

ፈራች፣ ለምን ይዋሻል።

«በከተማዋ ሌት ተቀን የሚጠብቅ አምቡላንስ አቆማለሁ» አለች። «ማዋለጃውን ግን እዘጋዋለሁ።»

«ምን አልሽ?» ዶሪን ከሰገነቱ ጮኸች። «የኛን? አንቺ ከሃዲ!»

«የኛን፣ ዶሪን። እህትሽን የቀበርናት ከዚያ አውጥተን አይደል እንዴ?»

ዶሪን ጃንጥላዋን አውርዳ ተቀመጠች። ፈታኙ ማርኳን ጻፈላት፤ አለፈች።

ሚኒስትር ሆና መጀመሪያ ያደረገችው አምቡላንሶቹን ማሰማራት፣ ቀጥሎ ማዋለጃውን መዝጋት ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ኦልደርሾ አራግፎ ጣላት። አለቀሰች፤ አልተጸጸተችም።

በዚያ ክረምት የዶሪን ልጅ ምጧ ጠናባት። አምቡላንስ ሩቁ ሆስፒታል አድርሷት በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶሪን የልጅ ልጇን በጋሪ እየገፋች፣ ልጇን ከጎኗ አድርጋ በዊኒፍሬድ ደጅ ስታልፍ ፊቷን አዞረች።

«አኩርፊ፣ የኔ እናት» አለች ዊኒፍሬድ፣ አጥሯን ተደግፋ። «ልጅሽ እንደሆነች በእግሯ እየሄደች ነው።»