የመስጊዱ ቆርቆሮ

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ወንድሜ ሰይድና እኔ ሁለት ግመል ቆርቆሮ ጭነን ከአሊዩ አምባ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንጓዝ ዋልን። ሰይድ መንዙማ ያዜማል፤ ሲደክመው ይቀልድብኛል። «አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የተማርከውን ፈረንሳይኛ ለግመሎቹ ንገራቸው እንጂ፤ ምናልባት ይፈጥኑ» ይለኛል። ጣሊያን ሲገባ ትምህርቴን አቋርጬ የእሱ ረዳት ሆኜ ነበር። እሱ ግንበኛም አናጢም ነው። ነበር።

የአገሬ ልጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከጅቡቲ ነው። በረሃውን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተሻግሬ ገባሁ። ስለ ሙቀቱ ለምትጠይቁኝ፣ የሮቢት ሙቀት ጥላ ሲገቡ ይተዋል፤ የዚህ ግን ተከትሎ አልጋ ድረስ ይመጣል። የማሽላ እንጀራ የለም። ሩዝና ዓሣ ነው፤ ዓሣውም ዓይኑን ሳይከድን ይቀርባል። የሚያከራዩኝ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ያልሆነ ክፍል ቢኖርዎ ብዬ ብለምናቸው፣ «ስደተኛ ደግሞ ጣሪያ ይመርጣል?» አሉኝ። ለእሳቸው ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ።

የሮቢት መስጊድ ጣሪያ ዝናብ ያስገባ ነበር። ጣሊያን የእስላም ወዳጅ ነኝ ባለ ጊዜ፣ ለመስጊድ የሚገባ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ይለፍ የሚል ወረቀት ለሸህ ዑመር ሰጣቸው። የመስጊዱ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሥራውን ሰይድ በኮንትራት ያዘ፤ ቆርቆሮውን ራሱ ገዝቶ፣ መትቶ ሊያስረክብ። እንደምታውቁት በእኛ አገር ነጋዴ በመስጊድ ስም ዱቤ አይሰጥም። የአላህን ቤት ባለዕዳ ብሎ መጻፍ ነውር ነው። ስለዚህ ደረሰኙ በሰይድ ስም ተጻፈ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከከተማው መግቢያ ካለው የጣሊያን ኬላ ደረስን። የኬላው አዛዥ፣ ጣሊያኑ ማሬሻሎ፣ ወረቀቱንና ደረሰኙን ጎን ለጎን ይዞ አየ። በአስተርጓሚ ጠየቀን።

«ከቀረጥ ነፃ የሆነው መስጊዱ ነው። ደረሰኙ ላይ መስጊድ የታለ?»

«የመስጊዱን ሥራ የያዘው ሰይድ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ታዲያ ሰይድ መስጊድ ነው? ይሰገድበታል?»

አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ ሳቁ። አስተርጓሚው፣ የእኛው አገር ሰው፣ ከራሱ ጨምሮ «ሚናራህን አሳየን እስቲ፣ ሰይዶ» አለው። ሰይድም አብሮ ፈገግ አለ። ቀረጡን ልክፈል እንዳይል በእጁ ምንም አልነበረውም። ካልከፈለ ደግሞ ኮንትሮባንድ ነው ተባልን። ሸህ ዑመር ይጠሩልን ብለን ለመንን፤ መጡ።

«ይህ ቆርቆሮ የመስጊዱ ነው?» ተባሉ።

አዎ ቢሉ ያልቅ ነበር። እኔ የግመሉን ገመድ መፍታት ጀምሬ ነበር። ሸህ ዑመር ጺማቸውን ያዙ።

«ሠርቶ ሲያስረክበን የመስጊዱ ይሆናል። እስከዚያ የሰይድ ነው። ቢሰረቅም፣ ቢጠፋም በእሱ ነው። ውላችን እንዲህ ነው።»

«ሸህ፣ ምን አደረጉን» አልኩ።

«ልጄ፣ በአላህ ቤት ስም ልዋሽ?»

ሰይድ ራሱ «እውነታቸውን ነው፤ አትጋፋቸው» አለኝ።

ማሬሻሎው፣ የራሱን ዕቃ በመስጊድ ወረቀት ሊያሾልክ ነበር ብሎ በኩርባጅ እንዲገረፍ አዘዘ። ሰይድን ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ላይ በደረቱ አስተኙት። የሚቆጥረው አስተርጓሚው ነው፤ ቁጥሩ ሲጠፋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል። በኋላ ውሃ ላጠጣው ብል አንዱ አስካሪ ቅሉን ነጥቆ ለግመሎቹ ደፋላቸው። ግመሎቹም አልጠጡትም።

ማታ በቃሬዛ ቤት አስገባነው። ምን እንዳለኝ ልጽፍላችሁ ጀምሬ ተውኩት። ሳይነጋ ሞተ። ቅዳሜ ቀበርነው።

በማግስቱ ጠዋት ኬላው አስጠራኝ። ማሬሻሎው ተቀመጥ አለኝ፤ በፈረንሳይኛ ነበር፣ ለክብሬ መሰለኝ።

«ተቋራጩ ሞቷል፤ ውሉም ፈርሷል። አሁን መስጊዱ ዕቃውን በራሱ ስም ይረከብ። ዋጋውን ከነጋዴው ጋር ይጨርስ።»

«ቀረጡስ?»

«ቀረጥ የለበትም። መስጊድ ነው እኮ።»

ይህን ሲል ደግ ሰው ይመስል ነበር። ቆርቆሮውን ጭኜ መስጊዱ ግቢ አራገፍኩት። ሸህ ዑመር አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«የኔ ልጅ፣ አንተው ምታልን። የወንድምህ ሥራ ነው፤ ሰደቃ ይሁንለት።»

«ተረክበዋል፣ ሸህ?» አልኳቸው።

«ተረክቤያለሁ።»

«እንግዲያ የሰይድ አይደለም።»

መዶሻውን ከቆርቆሮው አጠገብ አኑሬ ግመሎቹን ነዳሁ። በደጃችን ሳልፍ እናቴ ከለቀስተኛው መሃል ብድግ አለች። ግመሎቹን ላጠጣ ወደ ወንዙ የምወርድ መስሏት፣ ቶሎ ተመለስ በሚል እጇን አነሣችልኝ። እኔም እጄን አነሣሁላት፤ ወንዙን ተሻግሬ የአፋርን መንገድ ያዝኩ።