የስምረት ስምንት ዓመት

ስምረትን ዕድሜዋን የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚያተርፈው ግልምጫ ነው። እናቷ ከወለደቻት ቀን ከተቆጠረ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ መታወቂያዋ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ስምንቱን ዓመት ተበልታለች።

ከአባቷ ከአቶ ወልደየስና ከታናናሾቿ ጋር አቴንስ ስትገባ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የጥገኝነት ቅጹን የሞሉት አባቷ ናቸው፤ የትውልድ ዓመት በሚለው ቦታ በእኛ አቆጣጠር 1986 ብለው ጻፉ። ፈረንጆቹ በራሳቸው አቆጣጠር አነበቡትና ልጅቷ በአንድ ጀምበር የሃያ አራት ዓመት ሴት ሆነች። ትምህርት ቤት መግባቷ ቀርቶ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ጀመረች።

ወደ ሥራ በአሮጌ ብስክሌት ስትከንፍ ያያት አንድ አሠልጣኝ የብስክሌት መወዳደሪያ ትራክ ወሰዳት። የትራክ ብስክሌት ፍሬንም ማርሽም የለውም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል፣ ማረፍ ብሎ ነገር የለም። እሷ እንደሁ ማረፍ መቼ ታውቅና! በሁለት ዓመት ውስጥ የአገሩን ልጆች ታስከትላቸው ጀመር። የታዳጊዎች ውድድር ሲመጣ ግን «ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው» ብለው መለሷት። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ! የግሪክ ዜግነት አግኝታ ሰማያዊና ነጩን ማሊያ ለበሰች፣ ሁለት ነሐስ አመጣች፤ ወርቅ ሳትነካ በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ በወረቀቱ በሠላሳ አምስት፣ «አርጅተሻል፣ ለወጣቶች ልቀቂ» ተባለች። የተካቻት «ወጣት» ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይህን ሰምቶ አንጀቱ የማያርር ካለ አንጀት የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስምረት አባቷን አንድም ቀን አልወቀሰችም። ሰው በነገር ሲነካቸው «ተሳስተው ነው፣ ማን አይሳሳትም» እያለች ትሟገትላቸው ነበር።

ዛሬ አሜሪካ ተሻግራ ዴንቨር ውስጥ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ አየር ማረፊያው ውስጥ የመንገደኞች ዊልቸር ትገፋለች። ከዴንቨር ወጣ ብሎ ባለ ትራክ ላይ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች ውድድር መኖሩን ያወቁት ጎረቤት ከተማ አውሮራ የሚኖሩት አባቷ ናቸው። እነዚያን ሴቶች ዓይኗን ጨፍና እንደምትቀድማቸው ስለገባቸው ደስታቸው ወሰን አጣ።

«ወርቁ ያንቺ ነው፤ ያ ወረቀት አንድ ቀን ይጠቅምሻል ብዬ ነው እኮ ዝም ያልኩት» አሏት።

ስምረት ደነገጠች። ዝም ያሉት መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አፋቸው አምልጧቸዋልና ሊያድበሰብሱ ሞከሩ፤ እሷ ግን አለቀቀቻቸውም። ስህተቱን ያወቁት ቅጹን በሞሉ ማግስት ኖሯል። ሊያስተካክሉ ቢሮው በር ድረስ ሄደው ተመልሰዋል። ልጅ መሆኗ ከታወቀ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እሳቸው ወገባቸውን ታመው ሥራ አይችሉም፤ ታናናሾቿን ማን ያብላ?

«ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው ራሴ እሺ እልዎት ነበር» አለቻቸው። «አልጠየቁኝም።» እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች።

ቅዳሜ አቶ ወልደየስ ጓደኛቸውን አቶ ደምሰውን አስከትለው ትራኩ ዳር ተቀመጡ። ስምረት ከትልልቆቹ ዝርዝር ስሟን አስፍቃ ዕድሜ ከማይጠየቅበት ውድድር ገብታለች። ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ሳንባዋ እስኪቃጠል ተፋልማ አምስተኛ ወጣች።

አቶ ደምሰው ቀላሉን ትታ ከልጆች ጋር ምን ልሁን ብላ እንደተጋፋች ጠየቋት። ላቧን እየጠረገች ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ይንገሯቸው።»

አቶ ወልደየስ ጓደኛቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «አቴንስ ስንገባ ልጅ ነበረች። አውቅ ነበር» አሉ።

ስምረት አሥራ አምስት ዓመት የዘገየውን ቃል ሰማች። ንዴቷ ግን አልበረደም። ብስክሌቷን መኪናዋ ላይ ጫነችና አቶ ደምሰው አባቷን እንዲያደርሷቸው ነግራ ብቻዋን ሄደች።