ሜዳሊያዎቼ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ

ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሚሄድበት በኮሮናው ዘመን ባለቤቴ ታመመች። ከልጃችን ጋር ደቡብ አፍሪካ፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ነበርን፣ ሊፍቱ የማይሠራ ፎቅ ላይ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብለን ናቅነው። ኋላ ትንፋሿ አጠረ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። አምቡላንስ ይዘው የመጡት ሰዎች ከራሳቸው እስከ እግራቸው በፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። አስታማሚም ጠያቂም አይገባም አሉን።

ፈራሁ። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም። ዙሉዋም ከሰላምታ አያልፍም። ከሌላ ሰው ጋር ቢያቀያይሩብኝስ? ሞታ፣ የማንም አይደለችም ብለው የትም ቢቀብሯትስ? እንዲህ ያለ ወሬ በየፎቁ ይወራ ነበር።

ከሻንጣዬ ሁለቱን ሜዳሊያዎቼን አወጣሁ። በወጣትነቴ ባሕር ኃይል ነበርኩ፤ የጦር መርከብ የሞተር መካኒክ። ሜዳሊያዎቹን ያገኘሁት በጦርነት ጊዜ ነው፣ እየተተኮሰብን ሞተሩን ሳናጠፋ ወደብ ስለገባን። ነጠላዋ ላይ ሰካሁላት።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?» አለች ልጄ። «ሜዳሊያው እንግሊዝኛ ይናገራል?»

«ዝም በይ። ይህን ያደረገ ሰው ወገን እንዳለው ያስታውቃል።»

ባለቤቴ እያቃሰተች ዳሰሰቻቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ልታዘምተኝ ነው?»

«ዝመቺና ተመለሺ» አልኳት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መርከብ ላይ ተኩስ ሲጀመር እኛ የሞተር ክፍል ሰዎች ላይ የብረቱ በር ከላይ ይዘጋል፤ ውሃ ቢገባ ወደ ሌላው ክፍል እንዳያልፍ ነው። ታች ሆነህ የምታየው የለም። ከአዛዡ ዘንድ ደወል ይመጣል፤ ፍጠን፣ ቀስ በል፣ ቁም። ደወል እስከመጣ ድረስ ላይ ያለው ሰው በሕይወት አለ። ያን ጊዜም ፈርቻለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን እጄ ሥራ ነበረው። ቤሪያ ላይ እጄ ምን ይያዝ? ልጄ ሆስፒታል ስትደውል የሚያነሳ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ልጄ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«የጎጎ ወታደር ቤተሰብ ናችሁ?» አለች ነርሷ። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ሜዳሊያውን አይተው ያወጡላት ስም ነው። መርዶ እንዲህ ነው የሚጀመረው አልኩ በልቤ።

«ነጠላዋን እንጠብ ብንል እጃችንን ትመታለች። የትኛው ጦርነት ላይ ነው የተዋጋችው?»

ልጄ ልታስረዳ ስትል ክንዷን ያዝኩ። «አትንገሪያት! የመርከብ ሞተር ሰው ናት በያት።»

«አባዬ፣ ልዋሽልህ?»

«አዎ፣ ዋሺልኝ!»

ነርሷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። የኦክስጅኑን ጭንብል እያወለቀች አስቸግራናለች፣ እንዲህ ከሆነች አትተርፍም አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጉልኝ አልኩ። ሞተር ክፍል እንደለመድኩት ጮህኩባት።

«ጭንብሉን እንዳታወልቂ! ትእዛዝ ነው!»

የኦክስጅኑ ድምፅ ብቻ ሽሽ አለ። «አትጩህ፣ አልደነቆርኩም» አለች ባለቤቴ። ትንፋሽ ሰበሰበችና፣ «እሺ፣ አላወልቅም» አለች።

ጌታ ይመስገን፣ ተመለሰች። ፍርሃቱ ግን እኔ ጋ ቀረ። ዛሬም መታጠቢያ ቤት ገብታ ከቆየች በሩን አንኳኳለሁ።

«አለሁ! ምን ፈለግህ?» ትላለች ከውስጥ፣ ተቆጥታ።

«ምንም» እላለሁ። ከበሩ ግን አልሄድም።