ፊልሙን ያሳየሁት እኔ ነኝ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ በተጋደመበት ሰዓት፣ ሱቅ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው ባዶ እጄን፣ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሰው እንዳይጠረጥር አልሳመችኝም። «ጨውም እንዳትረሳ!» አለችኝ ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እንዲሰማ።

ስለ አወጣጤ ብዙ እንደተወራ አውቃለሁ፤ እስቲ ከራሴ ስሙት። የፊልም ማሳያ ማሽን ይዤ ከደብረ ሲና እስከ ጀውሃ በየአዳራሹ እዞር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ፊልሙ ሲሄድ እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ በአማርኛ እተርካለሁ። መጨረሻ ያሳየሁት አሮጌ የስለላ ፊልም ነው፤ በጦርነት ጊዜ ፋብሪካ አቃጠልክ ተብሎ ያለ ጥፋቱ ስለሚታደን ሠራተኛ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰውየው ከፖሊስ ባመለጠ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር።

ፊልሙን ባሳየሁ በሦስተኛው ቀን የከተማችን የጥጥ መጋዘን ተቃጠለ። ጓድ ታደሰ አስጠሩኝ።

«እሳት እንዴት እንደሚለኮስ ሕዝቡን አስተምረሃል» አሉኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊልሙ ላይ እኮ ሰውየው ንጹሕ ነው።»

«እሱስ ንጹሕ ነው። አንተስ?»

«እኔም ንጹሕ ነኝ።»

«አየህ! ንግግሩን እንኳ ሸምድደኸዋል።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ይጽፉ ነበር። የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሼ መኮንን መጥተው፣ «ያን ቀን ተራዬ አልነበረም፤ እሳቱ ሲነሳ ይሄ ልጅ ከእኔ ጋር ቤቴ ተቀምጦ ነበር» ብለው መሰከሩልኝ፤ ለጊዜው ተለቀቅሁ። በማግስቱ ግን እህቴ ዘነበች ውሃ ልትቀዳ ሄዳ፣ ከሰዓት በኋላ ሊወስዱኝ እንደሆነ ሰምታ እየሮጠች መጣች። የወጣሁት ያኔ ነው።

ጀውሃ ላይ ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ ዘሃራ ከማሽላ ጆንያዎች ኋላ ደበቁኝ። በሁለተኛው ቀን ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ።

«ጋሼ መኮንንን ወሰዷቸው» አሉኝ። «አንተ ስላመለጥክ፣ የመሰከሩልህ ተባባሪህ ስለሆኑ ነው ተባለ።»

«ልመለስ፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ብትመለስ ይለቋቸዋል?»

«እንጃ።»

«ወላሂ አይለቋቸውም። ሁለት ትሆናላችሁ።»

ለግመል ነጋዴዎች አደራ ብለው ሰጡኝና በአፋር በረሃ አድርጌ ጅቡቲ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እትዬ ዘሃራ እንዲህ ባይሉኝም የምመለስ አይመስለኝም። ፈርቼ ነበር።

ጅቡቲ የስደተኞች ቢሮ ውስጥ አንድ ወፍራም ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«መጋዘኑን አቃጥለሃል?»

«አላቃጠልኩም።»

«ካላቃጠልክ ለምን ትሸሻለህ?»

«ስላላቃጠልኩ ነው።»

አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ካገርህ የሚመጣው ሁሉ ንጹሕ ነው። ጥፋተኞቹ የት ቀሩ?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኩት። አልተተረጎመልኝም።

አሁን ዳቦ ቤት ዱቄት እሸከማለሁ። ባጌት የሚሉት ዳቦ እንደ ዱላ ረጅም ነው፤ ትኩሱን ሲበሉት ይጥማል፣ ግን አያጠግብም። የኛን ሙቀት የምታማርሩ፣ እዚህ ብትመጡ ይቅርታ ትጠይቁት ነበር። እኛ ሲብስብን ቀና ብለን የጣርማ በር ተራራን ጉም እናያለን፤ እዚህ ቀና ቢሉ ያው ነጭ ሰማይ ነው። ፓፓያ ከመርከብ ወርዶ ይሸጣል፤ እንደኛ አገሩ ሽታ የለውም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ስልክ እንደገባለት ሰማሁ። ደወልኩ። ባለሱቁ ዘነበችን ጠራልኝ።

«ዘኔ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ተሳስተዋል ጌታዬ» አለችኝ፤ የገዛ እህቴ አንቱ ብላ። «የሚሉትን ሰው አላውቀውም። እናቱም ሰኔ ላይ አርፈዋል። የመሰከሩለት ሽማግሌም አልተመለሱም። እንዳይመጣ ይንገሩት።»

የእናቴን ስም እንኳ አልጠራሁም ነበር።

«ሰውየው... ጤናው ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው» አልኳት።

«እህል ይብላ ይበሉልኝ» አለችና ዘጋችው።